የሱቅና የቤት ካሜራ፦ ማን መግባት ይችላል? ማንስ ገባ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያና አካባቢው ካሜራ ያስገጠሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ እንጀምር።

ካሜራዬን በስልኬ አየዋለሁ። ሌላ ሰውም ሊያየው ይችላል ማለት ነው?

ሊያየው የሚችልበት መንገድ አለ። ግን አብሽሩ፣ መንገዱ ይታወቃል፤ ይዘጋልም። ወደ ካሜራው የሚያስገቡት በሮች ሦስት ናቸው። አንዱ የቤቱ ወይም የሱቁ ዋይፋይ ነው፤ እሱ ላይ የገባ ስልክ ሁሉ የዲቪአሩን (የካሜራዎቹን ቀረጻ የሚያስቀምጠውን ሣጥን) መግቢያ ገጽ መክፈት ይችላል። ሁለተኛው የስልክ አፑ ነው፤ እዚህ ስልክዎንና ዲቪአሩን የሚያገናኛቸው የአምራቹ ሰርቨር ነው። ሦስተኛው ራውተሩ ላይ የተከፈተ ፖርት ነው፤ ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ዲቪአሩ የሚያስገባ ቁጥር ያለው መግቢያ ማለት ነው። በዚህ በኩል የትም አገር ያለ ሰው መሞከር ይችላል።

ምስሉን ሱቁ ውስጥ ባለው ስክሪን ብቻ ማየት የሚበቃዎት ከሆነ ዲቪአሩን ጭራሽ ከራውተሩ ጋር አያገናኙት። ቀረጻው ያለ ኢንተርኔትም ይቀጥላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ፓስዎርዱን ቀይሬዋለሁ። አይበቃም?

የትኛውን ነው የቀየሩት? ፓስዎርዶቹ ሦስት ናቸው፦ የዲቪአሩ፣ የአፑ አካውንት እና የራውተሩ። ብዙ ሰው አንዱን ቀይሮ ሁለቱን ይረሳል፤ በተለይ የራውተሩን። የራውተሩ መግቢያ ፓስዎርድ ከዋይፋዩ ፓስዎርድ የተለየ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከጀርባው ተለጥፈዋል። ባንኮኒ ላይ የተቀመጠ ራውተር ከሆነ ደግሞ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ገልበጥ አድርጎ ፎቶ ማንሳት ይችላል።

ከፋብሪካ የመጣ ፓስዎርድ ምን እንደሚያስከትል በ2016 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም 60 ያህል የታወቁ ስሞችና ፓስዎርዶችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎች፣ ዲቪአሮችና ራውተሮች ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ ዕቃዎች ገጾች በስማቸው ሲፈለጉ እንዲገኙ የሚያደርገውን ዳይን የተባለ ድርጅት በጥያቄ ሲያጥለቀልቁት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። ካሜራዎቹ ያኔም እንደወትሮው ይቀርጹ ነበር። ባለቤቶቻቸው የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ቆየት ያሉ የሂክቪዥን ዕቃዎች ስማቸው «አድሚን»፣ ፓስዎርዳቸው 12345 ሆኖ ነበር የሚመጡት። ያገለገለ ዲቪአር ከገዙ መጀመሪያ ይህን ይዩ።

የገጠመልኝ ልጅ አሁንም ማየት ይችላል?

ብዙ ጊዜ፣ አዎ። ክፋት ኖሮበት ላይሆን ይችላል። ሲገጥም አፑን በራሱ ስልክ ይከፍታል፣ ዲቪአሩን በራሱ አካውንት ያስመዘግባል፣ ከዚያ ለባለሱቁ ሼር ያደርግለታል። ባለሱቁ በስልኩ ስለሚታየው የራሱ ይመስለዋል። አፑ ግን ባለቤት ብሎ የሚያውቀው ቴክኒሻኑን ነው። እሱ ስልኩን ቢሸጥ ወይም ቢጠፋበት፣ ወይም ሥራ ቀይሮ ሰመራ ቢገባ፣ የእርስዎ ሱቅ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይሄዳል።

ለማረጋገጥ አፑን ከፍተው የዲቪአሩን ሴቲንግ ይዩ፤ ከሌላ አካውንት ሼር የተደረገ ከሆነ ይጽፈዋል። ከሆነም ልጁን በሰላም ጠርተው ከራሱ አካውንት እንዲያጠፋው ያድርጉ። የታወቁት ዲቪአሮች በአንድ ጊዜ የሚመዘገቡት ለአንድ አካውንት ብቻ ነው፤ እሱ ካልለቀቀው በእርስዎ ስም አይመዘገብም። ከዚያ በራስዎ ስልክ ቁጥር አካውንት ከፍተው ዲቪአሩ ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ ስካን ያድርጉ። ወዲያውኑ የዲቪአሩን የአድሚን ፓስዎርድ ይቀይሩ። ይህ ካልተቀየረ ልጁ በሌላ መንገድ ተመልሶ መግባት ይችላል።

አዲስ የሚያስገጥሙ ከሆነ የቀረውን ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይጨርሱ። ፓስዎርዱን እርስዎ ይጻፉት፣ እሱ ዞር ብሎ ይጠብቅ። ደህና ቴክኒሻን በዚህ አይከፋም። ለጥገና ሲመለስ ደግሞ በስሙ የተለየ ዩዘር ይክፈቱለት፤ ሲጨርስ ይዝጉት።

ለቤተሰቡም ለሠራተኛውም አንድ ፓስዎርድ ብሰጥ ምን ችግር አለው?

ዲቪአሩ የሚጽፈው የገባበትን ስም ነው እንጂ የገባውን ሰው አይደለም። ባለሱቁ፣ ሚስቱ፣ ሁለቱ ሻጮችና ጂዳ ያለችው ልጅ ሁሉም «አድሚን» ብለው ከገቡ መዝገቡ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። የቅሬው (የዕድሩ) ጸሐፊ መዋጮ ለከፈለ ሁሉ አንድ ስም ብቻ ቢጽፍ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ የሚለው አይታወቅም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

አንድ ቀን የሐሙስ ማታ ቀረጻ ተሰርዞ ቢገኝ ጥርጣሬው ሁሉም ላይ ያርፋል። ንጹሁ ሠራተኛ ራሱን ነጻ የሚያወጣበት ማስረጃ የለውም። ስለ መዝገብ አጥብቄ የምናገረው በዋናነት ለዚህ ነው። መዝገብ ጥፋተኛውን ለመያዝ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም ያላደረገ ልጅ ስሙ ጠፍቶ ከሥራ እንዳይባረር ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዩዘር ይክፈቱ። ለሻጭ ቀጥታ ማየት ብቻ፣ ለሥራ አስኪያጅ ቀረጻ መልሶ ማየትም ይጨመር። ሴቲንግ መቀየርና ሀርድ ዲስክ ማጽዳት ከባለቤቱ ውጭ ለማንም አይሰጥ። አብዛኛው ዲቪአር ማን የትኛውን ካሜራ እንደሚያይም ይለያል። ሰው ሥራ ሲለቅ ዩዘሩ በዚያው ቀን ይጥፋ።

ሳውዲ ያለች ልጄ የቤታችንን ካሜራ ማየት ትፈልጋለች። ፓስዎርዱን በኢሞ ልላክላት?

አይላኩላት። እሷ የራሷን አካውንት ትክፈት፤ እርስዎ ከአፑ ውስጥ ቀጥታ ማየት ብቻ ፈቅደው ሼር ያድርጉላት። ስልኳ ቢጠፋ ሼሩን ይሰርዙታል፤ የቀረው እንዳለ ይቆያል። በኢሞ የተላከ ፓስዎርድ ግን ስልኩ እስካለ ድረስ እዚያው ተጽፎ ይኖራል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ልጆች እናታቸው ናፍቀዋቸው፣ ስለ ጤናቸውም አስበው ሳሎን ውስጥ ካሜራ ያስገጥማሉ። እናትየውን አስቀድመው ይጠይቋቸው። በርና ግቢው ላይ ሲሆን የሚደሰቱ፣ መኝታ አጠገብ ሲሆን ግን ሰው ፊት የተቀመጡ መስሏቸው የሚጨነቁ እናቶች አሉ።

ማን እንደገባ የት ነው የማየው?

ዲቪአሩ ላይ በአድሚን ይግቡና «ሲስተም» ወይም «ሜንቴናንስ» የሚለው ውስጥ «ሎግ» የሚለውን ይፈልጉ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብለው ይሞላሉ፣ ዓይነቱን ይመርጣሉ። «ኦፕሬሽን» የሚለው ማን ገባ፣ ማን ቀረጻ መልሶ አየ፣ ማን ሴቲንግ ነካ የሚለውን ይይዛል። «ኤክሴፕሽን» ውስጥ በተሳሳተ ፓስዎርድ የሞከሩ፣ የተቋረጠ ምስልና የሀርድ ዲስክ ችግር ይገኛሉ። «ሎካል» ካለ ሰውየው ዲቪአሩ ፊት ቆሞ በማውዝ ነው የገባው፤ «ሪሞት» ካለ በኔትወርክ።

ሁሉንም ላንብብ ካሉ ይሰለቻሉ። በሳምንት አንዴ የተሳሳቱ ሙከራዎችንና የሴቲንግ ለውጦችን ብቻ ይዩ። ከዚያ ሱቁ ተዘግቶ በነበረበት ሰዓት የተከፈተ ነገር ካለ ይዩ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ሰኞ ረፋድ ላይ «ሎካል፣ አድሚን» የሚል ካገኘ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው።

መዝገቡ ላይ ያለው ሰዓትና ቀን ከእኔ ጋር አይገጥምም። ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። ዲቪአሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው። 21፡14 ካለ ከምሽቱ 3፡14 ነው፤ 02፡40 ካለ ከሌሊቱ 8፡40። ይህን ሁሉም ቶሎ ይለምደዋል። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። እኛ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን ዲቪአሩ ረቡዕ 02፡00 ብሎ ይጽፈዋል። ሰው ግን «ማክሰኞ ሌሊት ነው» ብሎ ስለሚያስታውስ የማክሰኞን መዝገብ ከፍቶ «ምንም የለም» ይላል። ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጅ ነው፤ የእኛ መስከረም 1 ቀን 2018 እዚያ ላይ 2025-09-11 ነው።

እውነተኛ ብልሽት የሚሆነው ግን የሰዓት ክልሉ ከፋብሪካ እንደመጣ ሲቀር ነው። ብዙ ዲቪአር የሚመጣው በቻይና ሰዓት ነው፤ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ጂኤምቲ+3 ላይ ያድርጉት፣ የበጋ ሰዓት የሚለውን ያጥፉት፣ «ኤንቲፒ» የሚለውን ያብሩ፤ ኢንተርኔት ካለው ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ያስቀይሯት። ዱባይ ያለ ዘመድ የሚነግርዎት ሰዓት ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የሳውዲው እኩል ነው።

ሰዓቱ ያልተስተካከለ መዝገብ ይዘው ሰውን አይክሰሱ።

መብራት ሲጠፋ መዝገቡ አብሮ ይጠፋል?

የዲቪአሩ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ሀርድ ዲስኩ ላይ ነው ያለው። የቤት ራውተር መዝገብ ግን መብራት ሲጠፋ የሚረሳ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ሲነሳ ባዶ ሆኖ ነው። ለራውተሩና ለዲቪአሩ አነስተኛ ዩፒኤስ ቢገዙ ለመዝገቡም ለሀርድ ዲስኩም ዕድሜ ይጠቅማል።

መጥፋቱ ራሱ ግን መረጃ ነው። ዲቪአሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ይጽፋል። ሰፈሩ ሁሉ መብራት በነበረው ሰዓት የእርስዎ ብቻ ጠፍቶ ከተነሳ አንድ ሰው ሶኬቱን ነቅሎታል፣ ወይም ቆጣሪዎ ጋ የሆነ ነገር አለ። ጎረቤት ይጠይቁ።

እንግዳ ማረፊያ አለኝ። ደንበኞች የሚጠቀሙበት ዋይፋይ ላይ ካሜራው ቢኖር ችግር አለው?

አለው፤ ላሊበላም ሐይቅም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢያስቀድሙ ደስ ይለኛል። እንግዳው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ነጻ አፕ አውርዶ፣ በኔትወርኩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ መዘርዘር ይችላል። ዲቪአሩ፣ ካሜራዎቹ፣ የእንግዳ መቀበያው ፕሪንተር፣ ሁሉም ይታዩታል።

ብዙ ራውተሮች «ጌስት» የሚል ሁለተኛ ዋይፋይ አላቸው። ያብሩትና ለእንግዳ የሚሰጡት ፓስዎርድ የእሱ ብቻ ይሁን፤ የጌስት ተጠቃሚዎች የውስጥ ኔትወርኩን እንዳያዩ የሚያደርገው ምርጫም መብራቱን ያረጋግጡ። ካሜራዎቹ በኬብል ከሆኑ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ኬብሉ ግን እንግዳ በሚቀመጥበት ኮሪደር ላይ ተጋልጦ እንዳይቀር።

ቴክኒሻኑ «ከሩቅ እንድታየው ፖርት ልክፈትልህ» አለኝ። ልፍቀድ?

አይፍቀዱ። ድሮ ሌላ መንገድ ሳይኖር የተለመደ ሥራ ነበር፤ ዛሬ አያስፈልግም። ፖርት ሲከፈት ዲቪአሩ ለዓለም ሁሉ ይታያል። ሾዳን የተባለ የፍለጋ ገጽ አለ፤ ሥራው ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ዕቃዎችን መመዝገብ ነው። 8000 እና 37777 የሚባሉት የዲቪአር ፖርቶች የታወቁ ናቸው። «ቁጥሩን ወደ ሌላ እቀይረዋለሁ» ቢባልም ፍተሻው ሌሎች ቁጥሮችንም ስለሚሞክር ብዙ አይረዳም።

ጠንካራ ፓስዎርድም እዚህ ጋ ሁልጊዜ አያድንም። በሴፕቴምበር 2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የሂክቪዥን ክፍተት ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ካሜራው ላይ ትዕዛዝ ማስፈጸም ያስችል ነበር። በዚያው ዓመት የዳሁዋ ካሜራዎችም ያለ ፓስዎርድ የሚታለፉበት ክፍተት ተገኝቶባቸዋል። አምራቾቹ ማስተካከያ አውጥተዋል፤ ግን ፈርምዌሩ (ዕቃውን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ካልታደሰ ክፍተቱ እንዳለ ነው።

ራውተሩ ላይ «ዩፒኤንፒ» የሚለውንም ያጥፉት። እሱ ሲበራ ዲቪአሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱ ፖርት ማስከፈት ይችላል። ከሩቅ ማየት ከፈለጉ የአምራቹ አፕ ከፖርት ይሻላል፤ አቅም ካለ ደግሞ ቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ የግል መንገድ) ከሁለቱም ይሻላል።

ኢንተርኔቴ በሲም ካርድ ራውተር ነው። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

ከፊሉ። የሞባይል ዳታ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቁበት የአይፒ ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ ለብዙ ደንበኛ የጋራ ነው። የራውተሩ የውጭ አድራሻ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ከውጭ በቀጥታ ማንም አይደርስብዎትም። በዚያው ምክንያት ፖርት መክፈትም፣ ቪፒኤን ቤት ውስጥ መትከልም አይሠራልዎትም። በአፕ በኩል ያለው መግቢያ ግን እንዳለ ነው። የቤቱ ዋይፋይም እንደዚያው።

ካሜራዎቹ ራሳቸው ወደ ውጭ እንዳይገናኙ መከልከል ይቻላል?

በኔትወርክ የሚሠሩ ካሜራዎች ከሆኑ ይቻላል፣ ቀላልም ነው። ለእያንዳንዱ ካሜራ ቋሚ አድራሻ ሲሰጡ «ጌትዌይ» እና «ዲኤንኤስ» የሚሉትን ባዶ ይተዉአቸው፤ ባዶ አልቀበልም ካለ ኔትወርኩ ላይ የሌለ አድራሻ ይጻፉ። ካሜራው ከዲቪአሩ ጋር ይነጋገራል፣ ከኢንተርኔት ግን ይቀራል። ወደ ውጭ የሚሄደው ዲቪአሩ ብቻ ይሆናል፤ አንድ በር መጠበቅ ስምንት ከመጠበቅ ይቀላል።

መዝገቡ ላይ የማላውቀው አድራሻ አየሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አድራሻውን ያንብቡት። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ውስጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከራስዎ ዋይፋይ የመጣ ነው። አንዳንድ ዲቪአር በአፕ የገባውን ሁሉ 127.0.0.1 ብሎ ይጽፈዋል፤ ያ ዲቪአሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ስለሆነ አይደንግጡ፣ አፑ ላይ ሼር የተደረገላቸውን ሰዎች ይቁጠሩ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው።

ከውጭ ከሆነ የኔትወርክ ኬብሉን ይንቀሉ፤ መብራቱን ግን አያጥፉ፣ ሪሴትም አያድርጉ። ሰው ደንግጦ ቶሎ ሪሴት ያደርጋል፣ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። መዝገቡን ወደ ፍላሽ ያውጡ፣ ስክሪኑንም በስልክ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ በኋላ ነው ሪሴቱ፣ አዲሱ ፈርምዌርና አዲሱ ፓስዎርድ የሚመጣው። ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ያወጡትን መዝገብ ይዘው ይሂዱ። አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያው አዋጅ ያዛል፤ ስለዚህ አይዘግዩ።

ሠራተኞቼ እንደሚቀረጹ መንገር አለብኝ?

ይንገሯቸው። ሰውን የሚለይ ምስል የግል ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፉ፣ ወደ ዲቪአሩ መግባታቸው እንደሚመዘገብም ይንገሯቸው። ልብስ መቀየሪያና መጸዳጃ አካባቢ ካሜራ አይደረግም።

ራውተሩ ላይ ያየሁት ስልክ ትናንትና ዛሬ የተለያየ አድራሻ አለው። ሁለት ሰው ነው?

አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 (የአይፎን) ወዲህ ስልኮች ለዋይፋይ የሚያሳዩትን የማክ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚለዩበትን ቁጥር) ይቀያይራሉ። ይህ ለግል ደኅንነት የተሠራ መልካም ነገር ነው፤ ግን «የተፈቀደላቸው ስልኮች ዝርዝር» እያሉ በማክ አድራሻ መከልከልን ዋጋ አሳጥቶታል። በዚህ ላይ አይመርኮዙ። ለቤተሰብና ለሠራተኛ ስልክ ብቻ፣ በእርስዎ ዋይፋይ ላይ ቋሚ አድራሻ እንዲጠቀም ከስልኩ ሴቲንግ ማስተካከል ይቻላል።

የገባው ሰው መዝገቡን ራሱን ቢያጠፋውስ?

አድሚን ሆኖ ከገባ ያጠፋዋል። ሀርድ ዲስኩን ፎርማት ካደረገ ቀረጻውም መዝገቡም ይሄዳል። መፍትሔው መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ ኮፒው ሌላ ቦታ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ብዙ ኤንቪአሮች (ለኔትወርክ ካሜራ የሚሆኑ ዲቪአሮች) እና እንደ ሚክሮቲክ ያሉ ራውተሮች «ሲስሎግ» በሚባል መንገድ እያንዳንዱን መስመር ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይልካሉ፤ ፖርቱ 514 ነው። ተቀባዩ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ቢሆን ይበቃል። ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጥ፣ ፓስዎርዱም ከዲቪአሩ የተለየ ይሁን። ዕቃ ያለበት መጋዘን ወይም ብዙ ክፍል ያለው ሆቴል ከሆነ ይህን ወጪ አውጡ እላለሁ፤ ለአንድ ሱቅ ግን በሳምንት አንዴ ወደ ፍላሽ ማውጣት ይበቃል።

ዲቪአሩ ሲስሎግ ባይልክም ራውተሩ ወደ ዲቪአሩ የሄደውን ግንኙነት ሁሉ እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ የሚሆነው ዲቪአሩ ከሠራተኛውና ከእንግዳው ኔትወርክ ተለይቶ በራውተሩ በኩል የሚደረስበት ሲሆን ነው። ያኔ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ራውተሩ ላይ ለረቡዕ አጥቢያ ከ01፡10 እስከ 01፡35 ወደ ዲቪአሩ የገባ ስልክ ካለ፣ ዲቪአሩ ላይ ግን ያ ሰዓት ባዶ ከሆነ፣ መብራትም ካልጠፋ፣ የተሰረዘ ነገር ካለ እዚያ መሃል ያለው ነው። ፍለጋውን ከዚያ ስልክ ይጀምሩ።